አደይን ነቅለው ምንጣፍ ዘረጉ

መስቀል ከዋለ በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ሮሐ «እሺ» የሚለውን ቃል ከጉለሌ ቤቷ ይዛ ነው የወጣችው። ኢታና እንደሚጠይቃት ታውቃለች። ጓደኛዋ ሊድያ ምስጢር የማይበረክትላት ሰው ናትና ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብላ ስትስቅባት ከርማለች።

ሮሐ ጳውሎስ አካባቢ መስኮት በሌለው ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ክረምቱን ሙሉ ሰው ሁሉ እያሳለ ይመጣባታል። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ግን በእረፍት ቀኗ አዲሱ ገበያ ታክሲ ተሳፍራ፣ እንጦጦን ዞራ፣ ሱሉልታ መንገድ ላይ ትወርድና በእግሯ ትሄዳለች። የደፈረሰው ጅረት ሲጠራ ማየት፣ የመስቀል ወፍን መፈለግ፣ እሸት መግዛት። በቃ፣ ሌላ ጉዳይ የላትም።

ከኢታና ጋር የተዋወቁትም አምና ከዚያ ስትመለስ ነው። ታክሲ ውስጥ የባቄላ እሸት ከነአገዳው ታቅፋ እየፈለፈለች ስትበላ፣ አጠገቧ የተቀመጠው ረጅም ልጅ አንገቱን ሰገግ አድርጎ «ትሸጪዋለሽ?» አላት።

«ነጋዴ እመስላለሁ?»

«አይ፣ እ... ማለቴ፣ ርቦኝ ነው።»

«የራበው ሰው ስጪኝ ነው የሚለው።»

«እሺ ስጪኝ።»

ሰጠችው። ከነቅርፊቱ ጎረሰው። ሮሐ በንዴት የቀረውን ቀምታ፣ ፈልፍላ መዳፉ ላይ አኖረችለት። አዲሱ ገበያ እስኪደርሱ ተጨቃጨቁ፤ ሲወርዱ ስልክ ተለዋወጡ።

ኢታና የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። ዓለምን በስክሪን ማየት የለመደውን ይህን ሰው፣ በሳምንቱ ከባቄላ ማሳ ጠርዝ፣ አደይ ከሞላበት ተዳፋት ላይ አስቀምጣ «ስልክህን ክተትና እይ» አለችው። አየ። ጅራተ ረጅሙ ወፍ ከአገዳ አገዳ ሲዘል ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። ሮሐ የወደደችው ያኔ ነው፤ ዝም ማለት ሲችል።

አሁን እጁን ይዛ ወደዚያው ተዳፋት ስትወርድ መጀመሪያ የሰማችው በላይዋ የሚያንዣብብ የድሮን ካሜራ ጩኸት ነበር።

ከዚያ ምንጣፉን አየች። ቀይ። ፊኛዎቹን አየች። ሊድያና የኢታና እህት ልዩ ከሃያ ከማያንሱ ወዳጆቻቸው ጋር፣ ሁሉም ስልካቸውን ከፍ አድርገው፣ የሰው ባቄላ ላይ ቆመው «ሰርፕራይዝ!» አሉ። በመሃላቸው በትልልቅ የስፖንጅ ፊደላት ስሟ ተጽፏል፤ ፊደሉ ላይ የተሰካው አደይ ነው። ተዳፋቱ ግን ተላጭቷል። ከሥሩ የተነቀለ አደይ ደግሞ ብዙ አይታገሥም፤ የሮሐ ስም አንገቱን ደፍቶ እየጠወለገ ነበር።

ኢታና በአዲስ ነጭ ጫማው ተንበረከከ።

«ማነው ይሄን የነቀለው?» አለች ሮሐ።

«ሮሒ፣ ፈገግ በይ እንጂ፣ እየተቀዳ ነው» አለች ልዩ። «ደግሞ ቶሎ እሺ በይው፣ የድሮኑ ባትሪ ሊያልቅ ነው።»

«የተጠየቅኩት እኔ ነኝ ወይስ ድሮኑ?»

አንድ ሰው ሳቀ። ኢታና አልሳቀም። «ሮሐ... ልዩ ናት እኮ ያዘጋጀችው። ቤተሰቡም ደስ ይበለው ብዬ...»

«እንግዲያው ልዩ ታግባህ!» ጣቷን ወደ ተላጨው ተዳፋት ቀሰረች። «ዓመት የሚጠበቅ ነገር ነው! ራሱ መጥቶ፣ ሳይከፈለው አጊጦ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ታይቶ የሚሄድ ነገር ነው! እናንተ ዐይን ተሰጥቷችሁ ማየት ሰለቻችሁና ነቅላችሁ ስፖንጅ ላይ ሰካችሁት። አንተም! ከሁሉ አንተ! እዚህ ነው ያስቀመጥኩህ!»

ዞራ ወደ አስፋልቱ ወጣች።

ታክሲዎቹ ሞልተው ያልፋሉ። ሮሐ ያስለቀሳት ፊኛው አልነበረም። ከቤቷ ይዛው የወጣችው ቃል አሁንም አፏ ውስጥ ነበር፤ ሊተፋም ሊዋጥም አልቻለም። ከታች ጩኸት ስትሰማ ዞር አለች። ባለማሳው ሽማግሌ አቶ በዳሳ ዱላቸውን ይዘው መጥተዋል። ያ ሁሉ ወዳጅ ወደየመኪናው ሮጠ፤ ልዩ ሳትቀር ፊኛዋን እየጎተተች።

ኢታና ብቻ ቀረ። ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ የተረገጠውን ባቄላ አንድ በአንድ እያቃና፣ በሥሩ አፈር እየጠቀጠቀ። ሽማግሌው በኦሮምኛ ሲያወርዱበት ሮሐ ቃሉን ባትሰማም ስድብነቱ አልጠፋትም። እሱ ራሱን እየነቀነቀ ይቀበላል።

ወረደች። እንደ ተቆጣች ነው የወረደችው።

«ሙሽራዋ አንቺ ነሽ?» አሏት አቶ በዳሳ በአማርኛ።

«እኔ የማንም ሙሽራ አይደለሁም፣ አባባ።»

«ጎሽ! ባቄላ ማቆም የማይችል ሰው ምን ያደርግልሻል?»

ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ፊቷን አጠቆረችና ከኢታና ማዶ ተንበርክካ መሥራት ጀመረች። ሲጨርሱ ስሟን ከስፖንጁ ላይ ነቃቅለው የጠወለገውን አደይ ወደ ነበረበት ተዳፋት በተኑት፤ ያፈራ ካለ ዘሩ ይውደቅ ብለው። ድሮኑ የለም። ንቦቹ ተሰሙ።

ኢታና የጫማውን ጭቃ በሣር ይጠርግ ጀመር። ሮሐ ደግሞ በዚህም ተናደደች።

«አትጠይቀኝም?»

«ፈራሁ።»

«ፍራ! እናቴ ዘንድ ሽማግሌ ላክ። ስልክ የማይመዙ ሽማግሌዎች!»

«እሺ ማለትሽ ነው?»

አቶ በዳሳ ረግበው ከሰጧት እሸት አንዱን ፈልፍላ፣ ጭቃ በጠጣው መዳፉ ላይ አኖረችለት። «ምን ይመስልሃል፣ አንተ ደንቆሮ!»

ልዩ እስከ ዛሬ ያንን ሰዓት የቀዳ ሰው አፈላልጋ አጥታለች። በዓመቱ ባልና ሚስቱ ወደ ተዳፋቱ ሲመለሱ አደዩ በቅሎ ነበር፤ ግን ሳሳ ብሎ፣ እዚህም እዚያም።

«ይሄ ብቻ?» አለች ሮሐ፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ።

ኢታና ስልኩን አላወጣም። አጠገቧ ቆሞ፣ ዝም ብሎ፣ የበቀለውን ያህል አየ።