ሁለት ሰው በአንድ ራስ

«በቀኝ ሌላ ሰው፣ በግራ ሌላ ሰው መሰልኩ እኮ!» አለች ደንበኛዋ መስታወቱ ላይ አፍጥጣ።

እውነቷን ነው። በዚህ ፀጉር ቤት ሹሩባ የሚሠራው በጥንድ ነው፤ አንዷ ከቀኝ፣ አንዷ ከግራ ጀምረው መሐል ላይ ይገናኛሉ። የቀኙን የሠራችው ራዲዮ ነበረች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አክስቷ ጋ ትሠራለች። ስሙ የወጣላት አፏ ስለማያርፍ ነው። የሷ ሹሩባ ቀጭንና ጥብቅ ያለ ነበር። የግራውን የሠራችው በዕድሜ ትንሽ የምትበልጣት ዝምዬ ናት፤ አፏን በስንት ልመና የምትከፍት ልጅ። የሷ ደግሞ ላላ፣ ወፈር ብሏል።

«ፈትታችሁ እንደገና ሥሩላት» አለች አክስት። ደንበኛዋን ይቅርታ ጠይቃ ራዲዮን ወደ ጓዳ ጠራቻት። «ነገ ሙሽራ አለችብን። አንቺን ላስገባሽ ነበር ሐሳቤ። ከዝምዬ ጋር ካልተስማማችሁ ግን ንገሪኝ፤ እሷን ፎጣ አጠባ ላይ አደርጋታለሁ።»

ሙሽራ! ራዲዮ እረፍቱን ሙሉ የቋመጠችው ለዚህ ነው።

«አክስቴ፣ ትንቀኛለች እኮ! ሳወራት መልስ እንኳ አትሰጠኝም።»

«በይ ይቺን ጨርሱና እንነጋገራለን።»

ራዲዮ አኩርፋ ሥራዋን ጀመረች። ትንፍሽ አላለችም። ቤቱ ጭር ሲል ደንበኛዋ መቁነጥነጥ ጀመረች፤ አንዴ ስልኳን፣ አንዴ በሩን ታያለች። ፀጉሩ ከዝምዬ እጅ ሁለቴ አመለጠ።

«አውሪ» አለች ዝምዬ በሹክሹክታ።

«ምን?»

«አውሪላት እንጂ። አንቺ ስታወሪ አንገቷን አታነቃንቅም።»

«እኔ እኮ ወሬዬ የሚያስጠላሽ ነበር የመሰለኝ!»

«ደስ ይለኛል። እኔን አትጠይቂኝ ብቻ። መልስ ሳስብ እጄ ይላላል።»

ራዲዮ ክው አለች። ከጠዋት ጀምሮ ጥያቄ ስታዥጎደጉድባት የዋለችው ማን ሆነና! ጓዳ ውስጥ ለአክስቷ የተናገረችው ትዝ ሲላት በጣም አፈረች።

«እኔ ደግሞ ዝም ስትዪኝ እናደድና አጠብቃለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«ለዚያ ነዋ ቀኜን ያመመኝ!» አለች ደንበኛዋ። ዝምዬ ሳቀች፤ ራዲዮ ስትስቅ ስታያት የመጀመሪያዋ ነው።

ከዚያ ወሬው ቀጠለ። ራዲዮ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተማሪውን ሁሉ «መነጽሬን ፈልጉልኝ» ስላለው መምህራቸው አወራች፤ ደንበኛዋ አንገቷን ሳታነቃንቅ ሳቀች። መሐል ላይ ሲገናኙ የቀኙ አሁንም ጠበቅ ያለ ነበር፤ ግን ልብ ብሎ ላላየው አይታወቅም። ደንበኛዋም አመስግና ወጣች።

«እህስ?» አለች አክስት፣ ቤቱ ሊዘጋ ሲል። «ፎጣው ጋ ላድርጋት? አንቺን ከዋናዋ ሠራተኛ ጋር አደርግሻለሁ።»

ከዋናዋ ጋር መግባት ቀላል ነበር። ሙሽራዋ ራስ ላይ እንደዛሬው ቢበላሽስ? ራዲዮ ትንሽ አመነታች።

«ከዝምዬ ጋር አድርጊኝ።»

«ትንቀኛለች አላልሽም?»

«ተሳስቼ ነው። እሷ እያወራች መሥራት አትችልም፣ እኔ ደግሞ ሳላወራ አልችልም። እንችለዋለን።»

አክስት ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ተስማማች።

ዝምዬ ማጠቢያው ጋ ሚዶ ታጥባለች።

«ነገ ሙሽራዋን አብረን ነን» አለቻት ራዲዮ።

ዝምዬ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ደስ አለሽ?» የሚለው ራዲዮ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችውና ከጎኗ ቆማ የታጠቡትን ሚዶዎች ማድረቅ ጀመረች።