ሰላሳ ዘጠኝ ቀን ዝገት

ኡበይድ እባላለሁ፤ ወሰን ሰፈር የመኪና ላሜራና ቀለም ሠሪ። ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ተጋጭቶ የዳነ መኪና ሁሉ እጄን ያውቀዋል። አንዴ ሚኒባስ ቀብቼ ሳስረክብ ባለቤቱ «ይሄማ የኔ አይደለም» ብሎ በእግሩ ሄዷል። እስከ አርባ ስድስት ዓመቴ ያላገባሁት ሴት ጠፍታ አይደለም፤ ወረፋው በዝቶብኝ ነው።

ሰኚ የመጣችው ክረምቱ ሲወጣ፣ የመኪና በር በታክሲ ጣሪያ ላይ አስጭና ነው።

«ጋሼ፣ ግቢዎ ውስጥ ለአርባ ቀን ቦታ ይሰጡኛል?»

«ጋሼ አትበይኝ። በሩን ደግሞ በሦስት ቀን አዲስ አደርግልሻለሁ።»

«አዲስ እንዲሆን አልፈልግም። እንዲዝግ ነው የምፈልገው።»

ሳቅኩ። እንጦጦ ጫፍ ድረስ የተሰማ ሳቅ ነው። እሷ አልሳቀችም።

ሠዓሊ ናት። በሩ ከቧንቧ ሥር ይቆማል፣ ጠብታ ይወርድበታል፣ በአርባኛው ቀን ሰው ተጠርቶ ያየዋል። ኤግዚቢሽኑ ይኸው ነው።

«ሥራው ዝገቱ ነው፣ በሩ አይደለም» አለችኝ። «በውጭ አገር ከሃምሳ ዓመት በፊት እንዲህ ያሉ ኤግዚቢሽኖች ሥነ ጥበብን ገልብጠውታል። እኔ ጋራዥ ውስጥ ልሞክረው።»

«የማን በር ነው?»

«የአባቴ። ኮተቤ ገበሬ ነበር። መሬቱ ለከተማው ሲወሰድ ፒክአፕ ገዝቶ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይጭን ጀመር። አምና አረፈ። ከመኪናው የቀረኝ የሹፌሩ በር ብቻ ነው።»

በየማለዳው እየመጣች ፎቶ ታነሳዋለች።

«ዛሬ ደግሞ ምን አየሽ?»

«እዚህ ጋ፣ ትናንት ቢጫ የነበረው ቀልቷል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት ስፍቀው የኖርኩት ዝገት ቀለም እንዳለው ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ የተገለበጠ የጭነት መኪና ብቻዬን እንዳቃናሁ ስነግራት፣ «አንተ ውሸታም!» አለችኝ። ውሸታሙን አልሰማሁትም። «አንተ» የሚለውን ብቻ ይዤ ሳምንቱን ሙሉ ዞርኩ።

በሰላሳ ሰባተኛው ቀን እንጦጦ ወጣን። ባሕር ዛፉ መሀል ተቀመጥን።

«አግቢኝ» አልኳት።

ከተማውን ቁልቁል እያየች፣ «በአርባኛው ቀን፣ በሩ ፊት እነግርሃለሁ» አለች። እጇን ግን ከእጄ አላወጣችም።

በሰላሳ ዘጠነኛው ቀን ለእንግዶቿ መጥሪያ ልታሳትም ሄደች። እኔ በሩን አየሁት። ሰው ተጠርቶ የአባቷ በር እንዲህ ተበልቶ ይታይ? ሙያዬን ያየች ቀን እምቢ አትልም አልኩ። ብርጭቆ ወረቀቴን አነሳሁ። ፈገፈግኩ፣ ስቱኮ ሞላሁ፣ የፒክአፑን ሰማያዊ ቀለም ቀምሜ ረጨሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ አልሠራሁም። ይህችን አልጨመርኩባትም።

ከሰዓት መጣች። አልጮኸችም። ጣቷን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስኬደችው፤ የሆነ ቦታ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ጋ ጎድጎድ ያለ ነበር።»

«ሞላሁት! ወላሂ መቶ ዓመት አይነሳም!»

«ክንዱ ነበር» አለች። «ሃያ ዓመት ክንዱን እዚህ አሳርፎ ሲነዳ ቀለሙን የጨረሰው። ዝገቱ ቀስ ብሎ እንዲወስደው ነበር፤ እያየሁት እንድሸኘው።»

«ውሃውን እከፍተዋለሁ። ሰኚ፣ እንደገና ይዝጋል፤ ሌላ አርባ ቀን...»

«ክንዱ የለበትም።»

በማግስቱ በሩን ከቧንቧው ሥር አስነሳችው። ፎቶዎቹን ግድግዳው ላይ ደረደረች። ጠብታው ባዶ መሬት ላይ ወረደ። ሺህ ሰው መጣ። እሺ፣ አርባ ይሆናል። እርጥቡን መሬት ከበው ቆሙ፤ አንዷ አለቀሰች። በሩ የት ደረሰ ሲሏት ስሜን አልጠራችም።

ሰው ሲበተን ቀረብኳት።

«መልሱስ?»

ፎቶዎቹን እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ፈለግኩ፣ አጣሁ።

«ለድካምዎ አመሰግናለሁ፣ ጋሽ ኡበይድ። እርስዎ ባይኖሩ ቦታ አላገኝም ነበር።»

እርስዎ።

በሩን አልወሰደችውም። ቧንቧው ሥር መልሼ አቆምኩት፤ ሁለት ዓመት ሞላው። ጠብታው ቀን ከሌት ይወርድበታል፤ አንዲት ነጥብ ዝገት አላወጣም።

«እንዴት ያለ ቀለም ነው! የማን እጅ ነው?» ይሉኛል ደንበኞቼ።

አላውቅም እላቸዋለሁ።