ተሳታፊ አራት

ፌንጣ ሦስተኛውን ገጽ ሁለቴ አነበበችው። እህቷ የስምምነት ቅጹን ስትሰጣት «እዚች ጋ ፈርሚልኝ» ብቻ ነበር ያለቻት፤ ከሥሩ የተቆለለውን የመመረቂያ ጥናት አንብቢ አላለቻትም። ግን ፌንጣ እጇ መቼ አርፎ ያውቃል? ቅጽል ስሟም የወጣላት በዚሁ ነው። ገለጥ ገለጥ ስታደርግ ራሷን ተጽፋ አገኘች።

«ተሳታፊ አራት፤ ሴት፤ ዕድሜ አሥራ አራት» ይላል። «በእናትና በአባት መካከል መልእክት ታመላልሳለች። ሆኖም መልእክቱን እንዳለ አታደርስም፤ ትለውጠዋለች። በዚህ ጊዜ የግራ ክርኗን ታካለች።»

ክርኗን እያከከች ነበር። እጇን ቶሎ አወረደች።

እናትና አባቷ ከተኳረፉ ዓመት ከመንፈቅ አልፏል። በምን እንደተኳረፉ አሁን ራሳቸውም በቅጡ የሚያስታውሱት አይመስልም። አባት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቤት ሲሆን ሳሎን ይቀመጣል። እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ ከኮሪደሩ ጫፍ ካለችው ክፍል፣ ከስፌት መኪናዋ ሥር አትጠፋም። በመካከል የምትሮጠው ፌንጣ ናት። አባት «ሸሚዜ ዛሬም አልተተኮሰም በያት» ይላል። ፌንጣ ኮሪደሩን እስክታቋርጥ ነገሩ ተቀይሮ «አባዬ ሲመችሽ ሸሚዙን ብትተኩሺለት ደስ ይለዋል» ይሆናል። እናት ደግሞ «እጁ ተቆርጧል ወይ በይው» ትላለች። ሳሎን ሲደርስ «እሺ ብላለች» ነው። እንዲህ እንዲህ እያለች ቤቱን ይዛ ቆይታለች።

ይህን የምታውቀው እህቷ ብቻ ነበረች። እትዬ ዩኒቨርሲቲ ተግባቦት የምታጠና፣ ድሮ «ወሬ አታብዢብኝ» እያለች የምታባርራት ኩሩ ነበረች። ከሦስት ወር በፊት ግን ድንገት እጅጌዋን ሰብስባ ሳህን አብራት ታጥብ ጀመር። ቀንሽ እንዴት ዋለ ትላታለች፤ ስትመልስላት ደግሞ አታቋርጣትም። ፌንጣ እህት አገኘሁ ብላ ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። አንድ ቀን እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻት።

እትዬ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ አለችና «ፈረምሽ?» አለች።

«ይሄ እኔ ነኝ።»

«ስም የለውም እኮ። ተሳታፊ አራት ነው የሚለው።»

«ቤታችን ውስጥ ስንት ሰው አለ? አባዬ አንድ፣ እማዬ ሁለት፣ አንቺ ሦስት። አራተኛዋ ማን ልትሆን ነው፣ ድመቷ?»

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታስረዳት ገባች። አንዳንዱ ተመራማሪ መጠይቅ በትኖ መልስ ይቆጥራል፤ እሷ ግን ሰዎቹ መሀል እየኖረች ማየትን መርጣለች፤ ተሳታፊ ምልከታ ይሉታል። አማካሪዋ ከሁሉም የወደደው ይህንን ምዕራፍ ነው። እናታቸው የስፌት መኪናዋን እያሽከረከረች፣ አንድ መስመር ሳታነብ ፈርማለች፤ አማካሪው ግን ልጅቷም ራሷ ትፈርም ብሏል። ያለ ፊርማው ምዕራፉ ይወጣል፣ ምረቃውም ለከርሞ ይተላለፋል።

ፌንጣ ግን የምታስበው ስለ ዓርብ ነበር። ዓርብ እትዬ ጥናቷን በአዳራሽ ታቀርባለች። አባት ለዚያ ቀን የሥራ ተራ ቀይሯል፤ እናትም ለራሷ ቀሚስ እየሰፋች ነው። እዚያ ተቀምጠው ይህ ገጽ ሲነበብ፣ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ከሰሟት ደግ ቃል አንዷም ከሌላው አፍ እንዳልወጣች ያውቃሉ። ያውም በሰው ፊት።

«ሳህን ስናጥብ የነበረውስ?» አለች። «እሱም ጥናት ነበር?»

እትዬ ወደ መስኮቱ ዞረች። «መጀመሪያ ላይ» አለች ቀስ ብላ። «በኋላ ግን…»

«ማስታወሻ መያዝ ያቆምሽው መቼ ነው?»

እትዬ ቅጹን አንሥታ ጠርዙን ታስተካክል ጀመር።

እትዬ ብትሰድባት ለፌንጣ ይሻላት ነበር፤ በጥፊ ብትላትም ይሻላት ነበር። ለካ ያ ሁሉ «እሺ፣ ከዚያስ?» ለወረቀት ኖሯል። እንዲህ ተሸውዳ አታውቅም። ደግሞ እኮ ታሳዝናታለች፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፣ ጉንጯ ገብቷል። እህት ናትና መጥላቱም በወጉ አልሆነላትም።

አባት ከሳሎን ተጣራ። ፌንጣ ወጣች፤ እትዬም ቅጹን ይዛ ተከተለቻት። አባት ለከሰዓቱ ተራ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ነው።

«ለእናትሽ» አለ ቀና ሳይል፣ «ዓርብ እኔ ቀድሜ እሄዳለሁ፤ እሷ በራሷ መንገድ ትምጣ በያት።»

ፌንጣ ልማድ ሆኖባት ማስተካከል ጀምራ ነበር፤ አባዬ አብረን እንሂድ ብሏል ልትል። ዘወር ስትል እትዬ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗ ያረፈው የፌንጣ ክርን ላይ ነው። አሁንም እያጠናች ነበር።

«አባዬ፣ ይሄን አንተው ንገራት።»

«ምን አልሽ?»

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ አላደርስም። እስከ ዛሬም ያልከውን አልነበረም የምነግራት። እሷም ያለችኝን አይደለም የምነግርህ።»

የአባት እጅ ማሰሪያው ላይ ቀረ። «ታዲያ ምን ነበር የምትያት?»

«ደግ ደጉን» አለች ፌንጣ።

ሊቆጣት ነው ብላ ስትጠብቅ አባት ተነሣ። አንዱ ጫማው ሳይታሰር፣ እግሩን እየጎተተ ኮሪደሩን ተያያዘው። የጫፏ በር ስትከፈት ተሰማ። ከዚያ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

ሁለቱ እህትማማቾች ጆሯቸውን አቅንተው ቆሙ። የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ ጩኸትም፣ ሳቅም።

«አሁን እኮ ራስሽ ነገርሻቸው» አለች እትዬ በሹክሹክታ። «አሁን ብትፈርሚ ምን ትሆኛለሽ?»

ፌንጣ እስክሪብቶውን ተቀበለቻት። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ከላይ እስከ ታች አንድም ቃል ሳትዘል አነበበችው። መጨረሻው ላይ ተሳታፊዋ በፈለገችበት ጊዜ ከጥናቱ መውጣት እንደምትችል፣ ምክንያት የመስጠት ግዴታም እንደሌለባት ተጽፏል። ከጎኑ መውጣት የፈለገ ምልክት የሚያደርግበት ባዶ ሳጥን አለ።

ሳጥኑ ውስጥ ምልክት አደረገች። ከሥሩ ሙሉ ስሟን ጽፋ ፈረመችና እስክሪብቶውን ለእህቷ መለሰችላት።