የአራት ቃል መሰላል

ይህ ታሪክ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ እውነት ነው። ከውስጡ አንዲት ውሸት ለቅሞ የሚያወጣ ሰው ከተገኘ፣ በቡሬ ገበያ መሐል ጢሜን በደረቁ ይላጨኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያልሰማ ካለ፣ እሱ ያን ሰሞን ገና አልተወለደም ነበር ማለት ነው።

ኢንስፔክተር ገነነ ሲደርስ መምህር ክንፈሚካኤል የበሩን ደፍ ድንጋይ ተንተርሶ፣ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ዓይኖቹ አልተከደኑም። በቀኝ እጁ አንድ የመሰላል እርከን እንደ በትር ጨብጧል።

ገነነ ማለት ማንኩሳ የተጠነሰሰን ጠላ ፍኖተ ሰላም ላይ ቆሞ «ጌሾው አንሷል» የሚል አፍንጫ ያለው ሰው ነው። አንድ ጊዜ የተሰረቀ በሬ በጠረኑ ብቻ እስከ ዱርቤቴ ተከትሎ፣ ከሦስት ሺህ ከብት መሐል ጎትቶ አውጥቷል። ሦስት ሺህ የተባለውም ሰው እንዳይጠራጠር ተቀንሶ ነው።

ቤቱ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ነበር። ቡሬ ፋብሪካ ለመቀጠር የሚመኙ ወጣቶች እዚህ ይማራሉ። ክንፈሚካኤልን እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ነገር ነበር፤ ተማሪዎቹ የተያያዘውን ሁሉ «ኮኔክት» ይሉታል። አዝራሩም ኮኔክት፣ በሩም ኮኔክት፣ ቀንበርና ሞፈሩም ኮኔክት። ስለዚህ ወደ ቆጡ የሚያወጣ መሰላል አሠራ። አራት እርከን አለው፤ እያንዳንዱ በሌላ መንገድ ተያይዟል። የታችኛው በምስማር ነው፤ «ኔይል»። ቀጥሎ ያለው በኮላ፤ «ግሉ»። ሦስተኛው ብረት ሆኖ እንጨቱ ላይ ከተለበጠ ብረት ጋር ተበይዷል፤ «ዌልድ»። የላይኛው በጥሬ ጠፍር ተጠፍንጓል፤ «ላሽ»። ተማሪ ሲወጣ የረገጠውን ይጠራል። የሳተ ይወርዳል።

ሟቹ የጨበጠው የላይኛውን ነው።

ገነነ መሰላሉ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ጠፍር በጣቱ ነካው። ርሷል። እንደ ሞተ እባብ ላልቷል። ጠፍር ርጥቡን ይታሰራል፤ ሲደርቅ እየከረረ እንጨቱን አንቆ ይይዛል። ውሃ መልሶ ሲያገኘው ግን ይለሰልሳል። ሰማዩ ደግሞ ጠርቶ ነው የከረመው፤ ዝናብ ገና አልጣለም። አፍንጫውን አስጠጋ። ሳሙና ሸተተው።

የሟቹ ሚስት ያምሮት ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች።

«እግዜር ያጽናዎ፣ ወይዘሮ ያምሮት። ዛሬ ማን ማን መጣ?»

«አሜን። የቤቱ ባለቤት አብዱልሀኪም መጥተው ነበር። ወንድሜ መልካሙም ከማንኩሳ መጥቷል። ብየዳ የሚሠራው አሸናፊ እንደሆነ ግድግዳ ነው የሚለየን። ነገ ልደታ አይደለች፣ እንግዳ ስለሚመጣ እኔ ከጠዋት ጀምሬ ቤቱን ሳጸዳ...»

«ይበቃል። ሐዘንተኛ አላደክምም» አለ ገነነ። በዚህ በዚህ ጨዋነቱ ይኮራል።

ያምሮት አፏን እንደከፈተች ትንሽ ቆየች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው።

«ሰው ገደለው ነው የሚሉት?»

«ሳይመሽ አንዱን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ወንድሜን እንዳይወስዱብኝ። ከእሱ በቀር የቀረኝ የለም።»

ገነነ ያልሰማ መስሎ ወጣ።

አሸናፊ ዓይኑ ላይ የተቆረጠ ድንች አስሮ በጓደኛው ትከሻ ተመርቶ መጣ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?»

«ትናንት ያለ መከላከያ በየድኩ፣ ጌታዬ። ዓይኔ አሸዋ የተሞላ ነው የሚመስለኝ። ተኝቼ ነው የዋልኩት።»

«ከመምህሩ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ተሳለቀብኝ። አሥር ዓመት ስበይድ ኖሬ፣ ቆርቆሮ በቀለጠ እርሳስ መለጠፉንም ‹ዌልድ› ብል፣ ‹እሱ ሶልደር ነው፤ ዌልድ ሁለቱ ብረት ቀልጦ አንድ ሲሆን ነው› ብሎ ልጆቹን አሳቀብኝ። አኩርፌያለሁ። በኩርፊያ ሰው ቢገደል ግን ፍኖተ ሰላም ባዶዋን ትቀር ነበር።»

«ተኝተህ ምን ሰማህ?»

«ውሃ ሲፈስ። ቆይቶ ደግሞ አንድ ነገር ሲወድቅ።»

አብዱልሀኪም የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው፤ ኮላውን የሰጡት እሳቸው ነበሩ። «ቤቴን ልቀቅልኝ ብየዋለሁ፣ እምቢ ብሎኛል፤ ይኸን አልደብቅም» አሉ። «ቢሆንም ልጆቹ የኔን እርከን ረግጠው ‹ግሉ› ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ዛሬ ምን አመጣዎት?»

«ወንበር ላውስ ነዋ። ቆጥ ላይ ያለው ለበዓሉ እንግዳ አይበቃም።»

«መሰላሉ ያኔ የት ነበር?»

«ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ።»

ገነነ ፈገግ አለ። ይህ ፈገግታ ከቡሬ እስከ ሊበን ስንት ወንበዴ እንዳንበረከከ ቆጥሮ የጨረሰ የለም።

መልካሙ የመጡት ከእርሻ ነው፤ እጃቸው ላይ አፈር አለ።

«ጠፍሩ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው። ለቀንበሬ ያስቀመጥኩት ነበር። ያሰርኩትም ራሴ ነኝ።»

«ልጅዎ ናሁሰናይ ሞፈሩን ጥሎ ፋብሪካ ሊገባ ነው። ልቡን ያሸፈተው ክንፈሚካኤል ነው ይባላል።»

«እሱ ነው። ሁለት በሬ አለኝ፤ የሚከተላቸው የለም። ‹ልጄን ከቀንበሬ ፈታህብኝ› ብየዋለሁ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ሳቀና ጠፍር ለመነኝ። ሰጠሁት። ኩርፊያ ሌላ፣ ዝምድና ሌላ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ከመሰላሉ ሥር ተሰበሰቡ። አስከሬኑ ጓዳ ገብቷል። ለቅሶው ከውጭ ይሰማል። ገነነ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምስማሩ ይዟል። ኮላውም፣ ብየዳውም ይዘዋል። የተፈታው አንዱ ብቻ ነው። ጠፍር ደግሞ ደርቆ ሳለ በራሱ አይፈታም፤ ውሃ ይሻል። ሰማዩ ካልዘነበ፣ ያዘነበ ሰው አለ።»

ወደ አሸናፊና ወደ አብዱልሀኪም በጣቱ አመለከተ።

«አሸናፊ ውሃ ሲፈስ ሰምቷል። አቶ አብዱልሀኪም መሰላሉን ግቢ ውስጥ ተጋድሞ አይተዋል። ገዳዩ አውጥቶ አጋደመው፤ ሳሙና የገባበት ውሃ ቶሎ ይሰርጋልና ጠፍሩን በዚያ አራሰው። ፀሐይ ላይ ያስቀመጠው ደግሞ ላዩ ደርቆ ሰው እንዲያታልል ነው። ውስጡ ግን ርጥብ ነበር።»

«እህ» አሉ አብዱልሀኪም ሳይወዱ።

«እንግዲህ ማን ነው? ሰው የሚያፈርሰው የሚያውቀውን ማያያዣ ነው። አሸናፊ ቢሆን ብረቱን በመጋዝ ይነካው ነበር፤ ለዚያውም ዛሬ እጁን ቢዘረጋ ጣቱን አያይም። አቶ አብዱልሀኪም ከኮላና ከምስማር ውጭ አያውቁም፤ ስለ ጠፍር ቢጠይቋቸው ከሱቅ ይፈልጉታል። የቀረው ጠፍሩን ያመጣው፣ ያሰረው፣ በውሃ እንደሚላላም የሚያውቀው ሰው ነው። ልጁም ተወስዶበታል።» ዞረ። «አቶ መልካሙ፣ እጅዎን።»

መልካሙ አልተቆጡም። «በውሃ እንደሚላላማ የጎጃም ገበሬ ሁሉ ያውቃል» አሉ ብቻ፤ እጃቸውንም ሰጡ። ካቴናው ጠቅ አለ። «በሬዎቼ ውሃ አልጠጡም። ለናሁሰናይ ንገሩልኝ።»

ገነነ ኮቱን አስተካከለ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ከመልካሙ አሽሽቶ መሬት መሬት ያያል።

«ኢንስፔክተር» አለች ያምሮት። ድምፅዋ ከለቅሶው በታች ነበር። «እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ።»

«ወይዘሮ ያምሮት፣ እርስዎ አይድከሙ...»

«ቅድምም እንዲሁ ብለው ዝም አሰኙኝ። ከዚያ ወዲያ ድፍረት አጣሁ።» ተነሥታ መሰላሉን በመዳፏ ያዘች። «ጠመኔና የልጆች እግር አቆሽሾት ነበር። ለልደታ ብዬ ግቢ አወጣሁት፤ በሳሙና ፈትጌ ፀሐይ ላይ ያሰጣሁትም እኔ ነኝ። ወንድሜ ሲመጣ ታጥቦ ደጅ ተሰጥቶ ነበር፤ አጠገቡም አልደረሰ።»

«ጠፍሩ ውሃ እንደማይችል...»

«አውቃለሁ። እጄ እንጨቱን እንጂ ጠፍሩን አላሰበውም።» እርከኑ ወደ ጎደለበት ቀና አለች። «ክንፈ ‹ይድረቅ፣ ቆይ› ብሎኝ ነበር። እንግዳ ሳይደርስ ወንበሮቹን አውርድልኝ ብዬ ያጣደፍኩት እኔ ነኝ። ሊያስቀኝ ብሎ እንደ ልጆቹ እየጠራ ወጣ። ኔይል አለ፣ ግሉ አለ፣ ዌልድ አለ። አራተኛውን በእጁ ሲስብ አየሁት። ቃሉን አልሰማሁትም።»

የገነነ እጅ የካቴናውን ቁልፍ ፍለጋ ኪሱ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ።

«አሁን ወንድሜን ይፍቱልኝ» አለች።