አንድ ሣጥን፣ አንድ ደብዳቤ

ጀዊሪያ ሁለት ደብዳቤ ይዛ ዊንጌት ትምህርት ቤት አጠገብ ካለው የፖስታ መክተቻ ሣጥን ፊት ቆማለች። አንዱ የራሷ ነው፤ ሌላው የጽጌረዳ።

«አደራ ጀዊሪያ» ብላታለች ጽጌረዳ ጠዋት ክፍል ውስጥ። «ስብሐት ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሬዲዮ ወደሌለበት ግንባር ነው የሚሄደው። የቅዳሜው የዘፈን ምርጫ እንዳያመልጠው።»

ስብሐት የጽጌረዳ ወንድም ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ዓመት አልፎታል። ጽጌረዳ በየሳምንቱ ለሬዲዮ ጣቢያው የዘፈን ምርጫ ትጽፍለታለች፤ በየሳምንቱም ይነበብላታል። ጀዊሪያን የሚያንገበግባት ይሄ ነው። ሬዲዮው የማን ነው? የጀዊሪያ አባት የአቶ አብዱልሰላም፤ ሱቃቸው ውስጥ ነው ያለው። ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው የፖስታ ሣጥን ቁጥርስ? የእሳቸው። የሚጠራው ስም ግን የጽጌረዳ! የሰፈሩ ልጅ «ጽጌ አርቲስቷ» እያለ ሲያሞግሳት ጀዊሪያ አብራ ትስቃለች፤ አንጀቷ ግን ይቃጠላል።

አሁን ደግሞ ጣቢያው ፕሮግራሙን ለውጧል። ሁለት ሰዓት ይፈጅ የነበረው የዘፈን ምርጫ ግማሽ ሰዓት ሆኗል፤ የቀረው ለኪነት ቡድኖች ተሰጥቷል። «ከእንግዲህ ከአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር የምንቀበለው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው» ብሏል አቅራቢው ማክሰኞ ዕለት። ጀዊሪያ ሰምታለች፤ ለጽጌረዳ ግን አልነገረቻትም።

«የሣጥን ቁጥሩ የኛ ነው፣ በቃ» አለች ለራሷ። የራሷን ደብዳቤ ከተተች። የጽጌረዳን ደብዳቤ የራሷ የሒሳብ ደብተር ውስጥ ሸጎጠችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ጢም ብሎ ሞላ። የጽጌረዳ እናት ወይዘሮ የዓለምወርቅ ከቁስቋም ቁልቁለቱን በእግራቸው ወርደው የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል።

«ቀጣዩ ምርጫ ከጉለሌ፣ የጀዊሪያ አብዱልሰላም ነው» አለ ሬዲዮው።

ሱቁ በጭብጨባ ተናጋ። ጽጌረዳ ዘላ አቀፈቻት። «እሰይ! ወይኔ ጀዊሪያ፣ ስምሽ ተጠራ!» የእውነቷን ነው፤ ዓይኗ ሁሉ ይስቃል። ጀዊሪያ አፈረች። እሷ ለጽጌረዳ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ዘፈኑ አለቀ። ሌላ ደብዳቤ ተነበበ፤ ሌላም። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮው አስጠጉ።

«የኛስ?»

«ይደርሳል እማዬ፣ ጀዊሪያ እኮ ናት የላከችው» አለች ጽጌረዳ።

የዘፈን ምርጫው አበቃ። የኪነት ቡድኑ የሰልፍ ዘፈኑን ሲጀምር ሰዉ አንድ በአንድ ወጣ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ግን ከጆንያው አልተነሡም።

«ዛሬ ረስተውን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ ግን ሲጠብቅ ዋለ።»

ጀዊሪያ ከባንኮኒው ጀርባ ገባች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ጥፋቱ የጣቢያው ሆኖ ይቀራል። ሒሳብ ደብተሯን ገለጠችና ፖስታውን አውጥታ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ እነሱ አልረሱም። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።»

ጽጌረዳ ፖስታውን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ ጀዊሪያን። ጀዊሪያ ዓይኗን አልሰበረችም። የምትባለውን ልትሰማ እዚያው ቆመች።