እኔ ነኝ ያበራሁለት

ሚልኬሳ ዕቃ ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሁለቱም መዳፎቹ ጠቁረው ተገኘ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚገኘው የአባቱ ግቢ ኢንተርኔትን በመብራት ሽቦ አሳፍሮ ወደየክፍሉ ያደረሰው እሱ ነበር፤ የገደለውም ያው ሽቦ ሆነ። ጊዜው የ2004 ክረምት ነው።

ኢንስፔክተር ዳርቱ ስትደርስ ዘመድ ፈርዶ ጨርሷል። ሟቹ የተበላሸ ሽቦ ሊቀጥል መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቶ ነበር፤ አንድ ሰው መልሶ አበራው። ሚስቱ ጸጋ ደግሞ «እኔ ነኝ ያበራሁለት!» እያለች ስትጮኽ ሰፈሩ ሰምቷታል። ከዚህ ወዲያ ማን ምስክር ይፈልጋል?

«ይቺን ነፍሰ ገዳይ ውሰጂልን! ወንድሜ መቃብር ላይ አትቆምም» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም ሰቦቃ።

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ክፍሌ፣ በኢንተርኔት ስብከት እያየሁ። በቀጥታ የሚተላለፍ ነው፤ ጩኸቱን እስክሰማ ድረስ ንቅንቅ አላልኩም።»

«መብራት ጠፍቶ አልነበር?»

«ላፕቶፕ በባትሪ ይሠራል። ይህንንም አላስተማሩሽም?»

ዳርቱ መልሱን ጽፋ አለፈች። በሰዓቱ ግቢው ውስጥ የነበረችው ሌላ ሰው ተከራይዋ ኢፍቱ ብቻ ናት። «ሚልኬሳ መብራቱን ሲያጠፋው ኮኔክሽኔ ሄደ፤ ሱቅ ወጣሁ» አለች። ባለሱቁም መሰከረላት።

ዳርቱ ዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ሥር አጎንብሳ መስታወቱ የተሰነጠቀ የእጅ ባትሪ አገኘች፤ እስካሁን ይበራል። ከዚያ ዘመዱን ሁሉ ሰቦቃ ክፍል ሰበሰበች።

«ጸጋ፣ ምኑን ነው ያበራሽለት?»

«ባትሪውን ነዋ! ማን አስጨርሶኝ?»

«ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም» አለች ዳርቱ ወደ ዘመዱ ዞራ። «የሟቹ ሁለት እጆች ተቃጥለዋል፤ ሁለቱም ሽቦው ላይ ነበሩ። ታዲያ ባትሪውን በምኑ ይያዘው? ‹ያበራሁት› አላለችም፣ ‹ያበራሁለት› ነው ያለችው። እጁ ሥር ቆማ እያበራችለት፣ የግቢው በር ላይ ያለውን ቆጣሪ ልትነካ አትችልም። አቶ ሰቦቃ፣ ስብከት ይክፈቱልን።»

ሰባኪው በላፕቶፑ መናገር ጀመረ። ኢፍቱ ሄዳ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋች። ላፕቶፑ እንደበራ ሰባኪው አፉን ከፍቶ ደረቀ።

«ሞደሙ መብራት ሲጠፋ የሚያሠራው ዩፒኤስ አለው!» አለ ሰቦቃ።

«ይኑረው። ኢንተርኔቱን ከመብራት ሽቦው ተቀብላ ለላፕቶፑ የምታደርሰው ይቺ ሶኬቱ ላይ የተሰካችው ሳጥን ናት፤ መብራት ሲጠፋ እሷም ትጠፋለች። እርስዎ በአየር የሚመጣ መስሎዎታል። የሞተው ወንድምዎ ነበር ሊነግርዎ የሚችለው። እዚህ አልነበሩም፤ ቆጣሪው ጋ ነበሩ።»

ሰቦቃ ላፕቶፑን ከደነው። «ግቢው ይሸጥ ብዬ ስንት ዓመት ለመንኩት! አሻፈረኝ አለ!» ብሎ ጮኸ፤ ያ ጩኸት ኑዛዜው ሆነ።

እጁ ታስሮ ሲወጣ ዘመዶቹ ጸጋን ሊያቅፏት ተነሡ። እሷ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ባሌን ሊቀብር የመጣ ይቆይ» አለች። «እኔን ሊቀብር የመጣ ይውጣልኝ።»

ማንም አልወጣም። ቀና ብሎ ያያትም አልነበረም።