የተከደነው ብርጭቆ

ፊንታን ሄጋርቲ በባሊክራን የውስኪ ፋብሪካ የቅምሻ ክፍል ወለል ላይ በግራ ጎኑ ተጋድሟል። አገሩ ሁሉ «አፍንጫው» እያለ አርባ ዓመት ሲጠራው የኖረው ሽማግሌ ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። አጠገቡ የእንጨት መዶሻ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንድ ብርጭቆ፣ ወርቃማ ውስኪ እስከ ግማሹ ይዞ፣ በትንሽ የመስታወት ክዳን ተከድኖ ቆሟል።

መርማሪ ደርቭላ ኩዊርክ ከሬሳው ይልቅ ብርጭቆውን አብዝታ አየችው። የጠረጴዛው ፊት በደም ተረጭቷል። በብርጭቆው ከንፈር ላይም አንዲት የደረቀች የደም ጠብታ አለች፤ ክዳኑ ተጭኗታል። የክዳኑ ጀርባ ግን ንጹሕ ነው። ከብርጭቆው ጎን ደግሞ ደም ያልነካው ክብ ቦታ ይታያል። በሽማግሌው ኪስ ውስጥ ባዶ ትንሽ ጠርሙስ ተገኘ። ወረቀቱ ላይ በራሱ እጅ «በርሜል 9» ይላል፤ ቀኑ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

«መዶሻው የበርሜል ሠሪዋ የሶርካ ዴቫን ነው። የመጋዘኑም ቁልፍ እሷ ዘንድ ነው። ዓርብ ዕለት ሽማግሌው ላይ ስትጮህ ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ምን ትጠብቂያለሽ? እኩለ ቀን ላይ የውስኪው ገዢዎች ይመጣሉ፤ ከዚያ በፊት ይዘሻት ውጪ።»

«ምርመራም በገዢ ሰዓት ሆነ እንዴ፣ አለቃዬ?»

«ትእዛዝ ነው!»

«የእስሩ ወረቀት ላይ የምትፈርመው የኔ እጅ ናት። እሷ ደግሞ ገና አላመነችም።» ዘጋችበት።

ሶርካ መጋዘኑ ውስጥ የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጣ ነበር። ደርቭላ ስትገባ አልተነሣችም።

«ልታስሪኝ ነው?»

«ልጠይቅሽ ነው።»

«ቶሎ በያ። ብታስሪኝም ያላደረግኩትን አደረግኩ አልልም። መዶሻዬ እዚህ በር ላይ ነው የሚሰቀለው፤ የሚያልፍ ሁሉ ያነሣዋል።»

«ዓርብ ለምን ጮህሽበት?»

ሶርካ በአገጯ ወደ ማዕዘኑ አመለከተች። እዚያ ያለው በርሜል ግንባር ላይ በጠመኔ «37» ተጽፏል። «ዘጠነኛው በርሜል ነው፤ ቁጥሩ ዕድሜው ነው። እኔ በተወለድኩበት ዓመት አባቴ የሞላው። ከዚያ ዘመን የቀረ ሌላ የለም፤ ዛሬ የሚሸጠውም እሱ ነው። ሽማግሌው መጣና ‹በአባትሽ በርሜል ውስጥ ያለው የአባትሽ ውስኪ አይደለም› አለኝ። አባቴን ሌባ ያለብኝ መሰለኝ። ጮህኩበት። ጩኸት ሰው ይገድላል?»

«እውነቱን ይሆን እንዴ?»

«እብድ ነሽ?» አለችና ተነሣች። ውታፉን ነቅላ ጥቂት ቀዳች፤ በትንሽ ጠርሙስ አድርጋ ናጠችው። አረፋው ትልልቅ ሆኖ ወጣ። ቆየ። አሁንም ቆየ። የሶርካ ፊት ቀስ በቀስ አመድ መሰለ።

«ምንድን ነው?» አለች ደርቭላ።

«በዚህ እርጥበት ውስጥ ውስኪ በየዓመቱ የአልኮል ጉልበቱ ይቀንሳል። ሠላሳ ሰባት ዓመት የተኛ ሲናጥ አረፋው ብቅ ብሎ ጥፍት ነው የሚለው። ይሄ ግን እዪው፣ እንደ ጎረምሳ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።» መዳፏ ላይ አፈሰሰችው፤ አሻሽታ አሸተተችው። ለማሽተት ብርጭቆ የሚባል ነገር ነክታ አታውቅም፤ የአባቷም ልማድ ይኸው ነበር። «አሥራ ሁለት ዓመት። ቢበዛ።»

ከዚያ በርሜሉን እንደ ታማሚ ዳበሰችው። «ሦስተኛው የብረት ቀለበት አዲስ ነው። ያልለመደ እጅ የደበደበው። አባቴ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ነው፤ የዛሬ ስምንት ዓመት። እኔ ከአልጋው አልተለየሁም። መጋዘኑ በሮናንና በማላኪ እጅ ነበር።»

ሮናን የሟቹ የወንድም ልጅና የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነው። ደርቭላ ቢሮው ውስጥ እየተንቆራጠጠ አገኘችው።

«ትናንት ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌው ሲገደል፣ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ግቢ። ሁላችንም ነበርን። ገዢ ሲመጣ ማን ቤቱ ይቀመጣል?»

«አጎትህ ሲቀምስ አብረኸው ትቀምሳለህ?»

«እኔ? በረዶ ካልገባበት አልጠጣም። ‹አንተን ከማስተምር ፈረሴን ባስተምር› ይለኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ክዳኑስ?»

«የምን ክዳን?»

ማላኪ ፎይ ግን ረጋ ያለ ሰው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የፊንታን ተማሪ ሆኖ ኖሯል፤ ወንበሩንም የሚወርሰው እሱ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል።

«ዘጠነኛውን በርሜል በየዓመቱ የሚቀምሰው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እመቤት። መምህሬ አደራ ከሰጡኝ አሥር ዓመት ሆነ።» መዝገቡን ገለጠላት። በየዓመቱ «እየበሰለ ነው» ይላል። «ሶርካ ታሳዝነኛለች። ምን ይደረግ፣ እንደ አባቷ ቁጡ ናት።»

እኩለ ቀን ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሦስቱን በቅምሻ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል። ከመደርደሪያው ሃያ አምስት ዓመት የተኛውን አውርዳ ቀዳችላቸው፤ ክዳኖቹን መሐል ላይ አኖረች።

«ለሟቹ ነው። ማላኪ፣ እስኪ ምን ይላል?»

ማላኪ አፍንጫውን አስጠጋ። ለአፍታ ሐዘኑ ከፊቱ ጠፋ። «መጀመሪያ ያልበቀለው ገብስ፣ ቅባቱ። ቀጥሎ ዝንጅብል። ከሥሩ አሮጌ ቆዳ…»

በሩ ተበረገደ። ውጭ ቆሞ የነበረው ፖሊስ «ሁላችሁም ውጡ፣ አሁኑኑ!» ብሎ ጮኸ።

ሮናን ብርጭቆውን ባንዴ ጨልጦ ተነሣ። ሶርካ ብርጭቆዋን ሳትነካ ተነሣች። ማላኪም ተነሣ፤ ከመነሣቱ በፊት ግን እጁ ሄዶ ክዳን አነሣና ብርጭቆው ላይ ደፋበት።

«ተቀመጡ» አለች ደርቭላ። «የሚያስወጣ ነገር የለም። ማየት የፈለግኩት ይሄንን ነው።»

ማላኪ እጁን ከክዳኑ ላይ አላነሣም።

«የሽማግሌው ብርጭቆ ከንፈር ላይ ደም ነበር፤ ክዳኑ ከላይ ንጹሕ። ስለዚህ የተከደነው ከተመታ በኋላ ነው። ሬሳ ብርጭቆ አይከድንም። ሰው ገድሎ መዓዛው እንዳይበንን የሚከድንስ ማነው? ሮናን ክዳን መኖሩን አያውቅም። ሶርካ በመዳፏ ነው የምታሸተው።»

«ይሄ ልማድ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም» አለ ማላኪ።

«ልክ ነህ። ለዚህ ነው ያልጨረስኩት። ጠረጴዛው ላይ ደም ያልነካው ክብ ቦታ አለ፤ ሁለተኛ ብርጭቆ ነበር ማለት ነው። ፊንታን ሁለት ውስኪ አስተያይቷል። አንዱ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከበርሜሉ ቀድቶ ያስቀመጠው ነው፤ ባዶው ጠርሙስ ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል። ሌላው አሁን በርሜሉ ውስጥ ያለው። ገዳዩ የሐሰቱን ይዞ ሄደ፤ እውነተኛውን ከደነው። ሐሰተኛውን የፈራ ማነው? የአሥራ ሁለት ዓመቱን ውስኪ በየዓመቱ እየቀመሰ ‹እየበሰለ ነው› ብሎ የጻፈው ነዋ! በረዶ የለመደ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። አንተ ግን ልትሳሳት አትችልም፣ ማላኪ። አፍንጫህን አሁን ሁላችንም ሰማነው።»

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ማላኪ ቀና አለ፤ ልመና ፊቱ ላይ አልነበረም።

«የበርሜሉ ቀለበት ሲበጠስ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ሁሉንም መሬት ጠጥቶታል። በሌላ ሞላሁት። ትናንት ሽማግሌው ‹ነገ ለገዢዎቹ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ፤ አንተም ከእንግዲህ ቀማሽ አይደለህም› አለኝ። አሥራ ስምንት ዓመት! መዶሻውን ይዤ ነው የመጣሁት፤ አልክድም።»

«ክዳኑንስ?»

«እሱን መታሁት። ውስኪው ምን አደረገኝ?»

ፖሊሱ ሲወስደው ሮናን በመስኮት እያየ ላቡን ጠረገ። «መኪናቸው በሩ ላይ ደርሷል። ሶርካ፣ እባክሽ፤ ስለ በርሜሉ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን…»

«እናንተ በዚህች ሴትዮ ልታስይዙኝ ነበር» አለች ሶርካ። «አሁን ደግሞ ዝም በይ ትሉኛላችሁ? በአባቴ ስም ውሸት አይሸጥም።» መጋዘን ገብታ «37»ን በክንዷ ጠረገችው። «12» ብላ ጻፈችበት፤ ከበሩ እንዲታይ አድርጋ።

ስትመለስ የደርቭላ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። አለቃዋ ነው። አላነሣችውም። የሽማግሌውን ብርጭቆ በጓንት እጇ ወደ ሶርካ አስጠጋች።

«ለፍርድ ቤት የሚሄድ ነው፤ አይጠጣም። ማሽተት ግን የሚከለክል ሕግ አላነበብኩም።» ክዳኑን አነሣችላት።

በዓለም ላይ የቀረው የአባቷ ውስኪ ይኸው ነው። ሶርካ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ጎንበስ አለች። ዓይኗን ጨፈነች። መዓዛውን በረዥሙ ሳበችው።

«ክደኚው» አለች። «እንዳይበንን።»